ሻጭም እኔ፣ ገዢም እኔ

ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ጠዋት፣ በፔች ከተማ፣
ለአንድ ሽያጭ ብቻ ልሰጥ ሁለት ፊርማ፤
አንደኛው የሻጯ፣ ሌላው የገዢዋ፣
ሻጯ እኔ ኤቴልካ፣ ጓንት ሰፊዋ፤
ገዢዋም እኔው ነኝ፣ ልጄ እንዳስረዳችኝ፣
«ሥራ አስኪያጅ» ብላ ወንበር የሰጠችኝ።

ሠላሳ አራት ዓመት በስሜ ሲጠራ፣
ሲከስር፣ ሲያተርፍ፣ ሲያፍር፣ ሲኮራ፣
ሱቄ እንዲህ ኖረ፤ ስሜ ስሙ ነበር፣
ዕዳውም ዕዳዬ፣ ደጄም የእሱ በር።
የቆዳው ነጋዴ ላልከፈልኩት ክፍያ፣
እስከ አልጋዬ ድረስ ነበረው መግቢያ።
አንድ በረዷማ ማታ ሶፋችንን አይቶ፣
ሄደ ሳይናገር፣ ሻያችንን ጠጥቶ።

ቦርባላ ናት፣ ልጄ፣ «ይብቃ እማ» ያለችኝ፣
ከሌሊቱ ስድስት ወረቀት ያስነበበችኝ፦
«ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር»፤
ደግሜ አነበብኩት፣ ጣቴ ፊደል ሲቆጥር።
ቬንዴል ሰባት ዓመት አልጋ ላይ ሲከርም፣
«እስከዚህ ነው ድርሻሽ» ያለኝ ሰው አልነበረም፤
ሌሊት ሳገላብጠው፣ ሳጥበው፣ ስሰፋ፣
ድንበር አልነበረው ኃላፊነት ሲሰፋ።

ጠበቃዋ ዝርዝር ማንበብ ጀመረች፣
በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ዋጋ እየለጠፈች፦

የቆዳ መወጠሪያ ጠረጴዛ፣ እምነ በረድ፣ አንድ።
የእጅ ቅርጽ ብረት፣ ከቁጥር ስድስት እስከ ዐሥር።
መቀስ፣ ዐሥራ አንድ።
የፍየል ቆዳ፣ ጥቁር፣ ሁለት መቶ አርባ።
ቫን፣ የኋላ በሩ በገመድ የሚታሰር።
የስፌት መኪና፣ ሦስት፤ አንዷ አትሠራም።
«ቬንዴል ብቻ ነበር የሚያውቃት፤ አትጻፊያት» አልኩ።
ጻፈቻት። ዋጋ፦ ዜሮ።

ጊዜላም በውሉ አብራ ተዛወረች፣
ከነዓመት ፈቃዷ፣ ከነሳሏ ሄደች።

ከሁሉም መጨረሻ «መልካም ዝና» አለች፤
አራት ሚሊዮን ፎሪንት ብላም ገመተች።
ሣቄ አመለጠኝ፤ ዝና እንዴት ይለካል?
በክንድ፣ በስንዝር ነው? ወይስ ይመዘናል?
ሌሊት በር አንኳኩታ «ጥቁር ጓንት» ያለች፣
እናቷን ልትቀብር ሲነጋ የቸኮለች፣
ሳትከፍል የሄደች፣ እስካሁን ያልመጣች፣
እሷስ በየትኛው ተራ ቁጥር ገባች?

«ፍርድ ቤት መዝግቦ ሲያወጣለት ቁጥር፣
የራሱን ሰውነት ያገኛል ማኅበር።»
ሰውነት? የቱ ጋ? ወገቡን ያመዋል?
በረዶ ሲጥልስ ጣቱን ይቆረጥመዋል?
እኔ የማውቀው አካል ይሰባል፣ ይከሳል፣
ይኸኛው አይተኛም፣ ከኔም ይሰነብታል።
ጓንት ሰፊ ነኝና አልከበደኝም ነገሩ፤
እጅ ሳይኖርባቸው ጣቶች ሲደረደሩ
መስኮት ላይ አይቻለሁ ዕድሜዬን በሙሉ፣
እጅ እስኪገባባቸው ቆመው የሚውሉ።

ፈረምኩ። ሻጭ።
ከዚያ ተነሣሁ፣ ማንም ሳያዘኝ፣
ጠረጴዛውን ዞርኩት፤
ማዶ ወንበር ስቤ፣ ፊቴን ወደ ባዶው ወንበሬ አድርጌ፣
ፈረምኩ። ገዢ።
ልጄ ሣቀች።
ጠበቃዋ አልሣቀችም፤ ማኅተሟን እስትንፋስ ነፋችበት፣ አተመች።

ማታ ቤቴ ገባሁ። የካፖርቴ ቁልፍ
በአንድ ክር ተንጠልጥሎ፣ ልቁረጠው ወይ ልለፍ
እያልኩ፣ ከቦርሳዬ መቀስ አወጣሁና
እጄ አየር ላይ ቀረ፤
መቀሱ፣ ለካ፣ ተራ ቁጥር ሦስት ነው፤ የኔ አይደለም።
ሥራ አስኪያጇን ጠየቅኋት።
ጥቂት አሰበች።
«እሺ» አለች፤ «ነገ ግን መልሺው።»